ባሕሩ አጥር በነበረበት ዘመን

እንግሊዞች አንድን የአፍሪካ ንጉሥ ከሕዝቡ ለመነጠል ሲፈልጉ ግንብ መገንባት አላስፈለጋቸውም። ከአፍሪካ የብስ 1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ ማሄ የምትባል ደሴት ነበረቻቸው። ንጉሡን ከነቤተሰቡ በመርከብ አምጥተው ያወርዱታል፤ መርከቧ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ዘበኛው ባሕሩ ነው። ዛሬ ማሄ የሲሸልስ ሪፐብሊክ ዋና ደሴት ናት። ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ልጆቹን ይዞ ለዕረፍት ይሄድባታል። የሚመርጣትም በዚያው በርቀቷ ነው።

እኔ ዕድሜዬን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጄና ባለቤቷ ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው በክረምቱ ዕረፍት ወደ ማሄ ሲሄዱ «አባዬ፣ አንተም ባሕር ትይ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከቦሌ አራት ሰዓት በማይሞላ በረራ ይደረሳል። ያረፍንበት ሆቴል ቦ ቫሎን በሚባለው የሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ላይ ነው። በእኛ ክረምት ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ነፋስ የደሴቲቱን ሌላኛውን ወገን ሲያናውጠው፣ ቦ ቫሎን ተራራውን ተከልላ ትተኛለች፤ ውኃው ልጆች የሚገቡበት ይሆናል። አሸዋው ነጭ ነው። ታካማካ የሚሏቸው ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን እስከ ውኃው አፋፍ ድረስ ይጥላሉ። ከኋላ ሞርን ሴይሸልዋ የተባለው ተራራ ወደ ላይ 905 ሜትር ይወጣል። ያማረ አገር ነው፤ ልጆቹ በውኃው ሲስቁ ሳይ አምላኬን አመሰገንሁ።

የልጅ ልጄ ከውኃው ወጥታ «አባባ፣ ድሮ እዚህ ማን ነበር የሚኖረው?» አለችኝ። የታሪክ መምህር ይህን ሲጠየቅ እንዴት ዝም ይላል። በዚህ ጽሑፍ የማወጋው ለእርሷ የጀመርሁትን ነው፤ ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስሁ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድሮ ማንም አልነበረም። ሲሸልስ 115 ደሴቶች ናት፤ ዋና ዋናዎቹ ከግራናይት ድንጋይ የተሠሩ፣ በሰማይ ወፍና በትልልቅ የየብስ ኤሊዎች የተሞሉ ነበሩ። በ1609 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ሰዎች ውኃ ሊቀዱ ወርደው፣ ኤሊ በልተው ሄዱ። ፈረንሳዮች በ1756 የይዞታ ድንጋይ ተከሉ፤ ስሟንም በንጉሣቸው የገንዘብ ሚኒስትር በሞሮ ደ ሴሼል ሰየሟት። በ1770 የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ማሄ ፊት ለፊት ባለችው ሴንት አን ደሴት ላይ ወረዱ፤ ከመካከላቸው ባሪያዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕዝብ አብላጫው በግድ የመጣ ነው፤ ከሞዛምቢክ፣ ከማዳጋስካር፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተሽጦ። ደሴቶቹ በ1814 በይፋ ወደ እንግሊዝ እጅ ገቡ፤ በ1835 ባርነት ተሻረ። ይሁንና ከ1861 ጀምሮ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች የሚቀሟቸውን አፍሪካውያን አምጥተው ማሄ ላይ ማውረድ ያዙ። ነፃ ወጣችሁ ተባሉ፤ ወደ አገራቸው የመለሳቸው ግን የለም፤ በኮኮናት እርሻዎች ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኑ።

ከነዚህ ሰዎች ልጆች ለአንዳንዶቹ በ1876 ሳን ሱሲ በተባለው ተራራ ላይ የአንግሊካን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከፈተላቸው፤ ቬንስ ታውን ይባላል። ፍርስራሹ እስከ ዛሬ አለ። ግድግዳዎቹ በሣርና በሐረግ መካከል ቆመዋል። ከፊቱ የደሴቲቱ ምዕራብ ዳርቻ ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ስደርስ ያሰብሁት ስለ ተማሪዎቹ ነው፤ ከእናት አባታቸው ርቀው ያን ሁሉ ባሕር እያዩ ፊደል የቆጠሩ ልጆች።

ወደ ነገሥታቱ ልመለስ። የግዞተኞቹ በር የተከፈተው በ1877 ነው፤ ከዛሬዋ ማሌዥያ የፔራክ ግዛት ሱልጣን አብዱላህ ከነቤተሰባቸው ሲመጡ። ሱልጣኑ በማሄ የሰሙት የፈረንሳይኛ ዜማ በኋላ የፔራክ፣ ከዚያም የመላዋ ማሌዥያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደሆነ ይነገራል።

ልቤን የያዘው ግን የአሻንቲው ንጉሥ የፕሬምፔ ታሪክ ነው። እንግሊዞች በ1896 መጀመሪያ ወደ ኩማሲ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጋና መካከለኛ ክፍል፣ ጦር ይዘው ገቡ። ወጣቱ ንጉሥ ሕዝባቸው እንዳያልቅ ብለው አልተዋጉም። እንግሊዞቹ 50 ሺህ ወቄት ወርቅ ካሣ ጠየቁ፤ ንጉሡንና እናታቸውን ያ አኪያን በሕዝብ ፊት በገዥው እግር ሥር እንዲወድቁ አደረጓቸው፤ ከዚያም ከነአባታቸው፣ ከነወንድማቸውና ከነመኳንንቱ አሥረው ወሰዷቸው። ይህ የሆነው በጥር ወር ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1888 ዓ.ም.።

ይህን ዓመት እኔ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! ፕሬምፔ ከተያዙ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ የምኒልክ ጦር የጣልያንን ጦር ድል አደረገ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ የእንግሊዝ መርከቦች የዛንዚባርን ቤተ መንግሥት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በመድፍ አፈራረሱት፤ በዚያ ቀን ያመለጡት ሱልጣን ኻሊድ ቢን ባርጋሽም ከዓመታት በኋላ ተይዘው ወደ ሴንት ሄለናና ወደ ሲሸልስ ተጋዙ። ሦስት የአፍሪካ ዙፋኖች፣ አንድ ዓመት። አድዋን ብቻውን ስናነበው ጀግንነቱን እናያለን፤ ከኩማሲና ከዛንዚባር ጎን ስናነበው ደግሞ ምን እንደቀረልን እናያለን። በማሄ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ በመላ ሰውነቴ ተሰማኝ።

ፕሬምፔ መጀመሪያ ኤልሚና ምሽግ፣ ቀጥሎ ሴራሊዮን ታሰሩ። በ1900 ወደ ኩማሲ የመጣው የእንግሊዝ ገዥ ሆጅሰን የአሻንቲ ሕዝብ የነፍሱ ማደሪያ አድርጎ የሚያየውን የወርቅ ዙፋን «አምጡልኝ፣ ልቀመጥበት» ብሎ ሲጠይቅ ጦርነት ተነሣ። መሪዋ ሴት ነበሩ፤ የኤጂሱዋ ንግሥት እናት ያ አሳንቴዋ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ አያት ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ከፕሬምፔ ጋር ተግዟል። እንግሊዞች ፕሬምፔን ይበልጥ ለማራቅ ሲሉ በዚያው ዓመት ወደ ሲሸልስ ላኳቸው፤ ያ አሳንቴዋም ተሸንፈው በተያዙ ጊዜ ተከተሏቸው። የወርቅ ዙፋኑን ግን አላገኙትም፤ ተደብቆ ነበር።

አሻንቲዎቹ ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ደቡብ ለ ሮሼ በሚባል ቦታ ሰፈሩ። ከልጅ እስከ ሽማግሌ ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ እዚያ ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ እንግሊዝኛ አጠኑ፤ ተጠምቀው ኤድዋርድ ተባሉ፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነበር። በ1907 ደግሞ ከእናታቸው ከያ አኪያ አንደበት የሰሙትን የአሻንቲ ነገሥታት ታሪክ በእንግሊዝኛ ማስጻፍ ጀመሩ። ይህ ጽሑፍ ሳይጠፋ ቆይቶ በ2003 በኦክስፎርድ ታትሟል። አገራቸውን የተነጠቁ ሰው የአገራቸውን ታሪክ ከእናታቸው አፍ ተቀብለው በባዕድ ደሴት ላይ ማስጻፋቸውን ሳስብ፣ ከማውቃቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ለእኚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ይበልጣል። እናትየዋ በ1917 እዚያው ሞቱ። ያ አሳንቴዋ በ1921 እዚያው ሞቱ። ፕሬምፔ በ1924 ተፈቅዶላቸው እንደ ተራ ሰው ወደ ኩማሲ ተመለሱ፤ ሄደው ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። የሟቾቹም አፅም ኋላ ወደ አገሩ ተወስዷል።

ከኡጋንዳ በኩል የመጡት ሁለት ነበሩ። የቡጋንዳው ምዋንጋና የቡኞሮው ካባሌጋ በ1899 አብረው ተያዙ፤ ካባሌጋ በጥይት ቆስለው አንድ እጃቸው ተቆርጧል። በ1901 ማሄ ደረሱ። ምዋንጋ በ1903 እዚያው አረፉ። ካባሌጋ በ1923 እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፤ ግን መንግሥታቸው ሳይደርሱ በመንገድ ላይ፣ ጂንጃ አጠገብ ሞቱ። በቪክቶሪያ መካከል ለንግሥት ቪክቶሪያ መታሰቢያ የቆመ፣ የብር ቀለም የተቀባ የሰዓት ማማ አለ። ቱሪስት ሁሉ ፎቶ ይነሣበታል፤ እኛም ተነሣን። የቆመው በ1903 ነው፤ በዚያ ዓመት የአሻንቲ፣ የቡጋንዳና የቡኞሮ ነገሥታት ሦስቱም በደሴቲቱ ላይ ግዞተኞች ነበሩ።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። የሶማሌው የዋርሰንገሊ ሱልጣን ማሕሙድ አሊ ሽሬ በ1920 መጡ። የግብፁ የነፃነት መሪ ሳድ ዛግሉል በ1922፣ የኢየሩሳሌም ከንቲባ የነበሩት ሁሴን ኻሊዲ ከሌሎች የፍልስጥኤም መሪዎች ጋር በ1937፣ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ በ1956። ማካሪዮስ የታገዱት በዚያው በሳን ሱሲ ተራራ ላይ በሚገኝ የአገረ ገዥው የማረፊያ ቤት ነበር፤ በኋላ የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግዞትን እናውቀዋለን። የራሳችን ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን በአምባ ግሸን፣ በኋላም በወህኒ አምባ ላይ ይዘጉ ነበር፤ ለእኛ ገደሉ የሠራውን ለእንግሊዝ ውቅያኖሱ ሠራላት። ጣልያንም ደሴት ታውቅ ነበር። ዳህላክ ላይ የነበረውን የኖኩራ እስር ቤት የኤርትራና የኢትዮጵያ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። ከ1935ቱ ወረራ በኋላ ደግሞ መኳንንቶቻችንን ከነሚስት ከነልጆቻቸው ከሰርዲኒያ ጫፍ ወዳለችው አሲናራ ደሴት ወሰዱ፤ ራስ እምሩን ፖንዛ ደሴት ላይ አሰሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ በግዞት ሳሉ በ1940 ቱሪን ላይ ዐረፉ። ሙሶሊኒ በ1943 ከሥልጣን ሲወርድ ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዷ ያችው ፖንዛ ናት። ዛሬ አሲናራ ብሔራዊ ፓርክ ናት፤ ፖንዛም የሮማ ሰዎች በበጋ የሚዋኙባት ናት። እዚያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህን ለልጆቹ መንገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ማሄ ከግዞት ወደ ዕረፍት የተሻገረችው በአንድ ነገር ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ። እስከ 1971 ድረስ ወደ ሲሸልስ የሚደረሰው በመርከብ ነበር፤ ከሞምባሳ ቀናት ይፈጃል። ደሴቲቱ የምትኖረው ኮፕራ በሚሉት በደረቀ የኮኮናት ሥጋ፣ በቀረፋና በቫኒላ ነበር። በዚያ ዓመት በምሥራቅ ጠረፍ ከባሕር ላይ በተሞላ መሬት የተሠራው ማረፊያ ተከፈተ፤ በ1972 ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው መረቁት። በዓመት ጥቂት ሺህ ሰው ያይ የነበረ አገር አሁን ከ3 መቶ ሺህ በላይ እንግዳ ይቀበላል።

ይህ ማረፊያ የመጣበት መንገድ ግን የግዞቱ ታሪክ ቅጥያ ነው። እንግሊዝ በ1965 የቻጎስ ደሴቶችን ከሞሪሸስ፣ አልዳብራን፣ ፋርኩሃርንና ዴሮሽን ደግሞ ከሲሸልስ ቆርጣ የራሷ አዲስ ግዛት አደረገች፤ ምክንያቱም አሜሪካ በዲዬጎ ጋርሲያ የጦር ሰፈር ፈልጋ ነበር። ለሲሸልስ የተከፈላት ካሣ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ሦስቱ ደሴቶች በ1976፣ በነፃነቱ ጊዜ፣ ተመለሱላት። የቻጎስ ሰዎች ግን ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከመንደራቸው በሙሉ ተነቀሉ። በመርከብ ተጭነው ወደ ሞሪሸስና ወደ ሲሸልስ ተወሰዱ፤ በማሄ በኩል ካለፉት ውስጥ መርከብ እስኪመጣላቸው እስር ቤት ውስጥ እንዲያድሩ የተደረጉ ነበሩ። ቱሪስቶች በአዲሱ ማረፊያ ሲወርዱና ቻጎሶች በወደቡ ሲራገፉ ዓመቱ አንድ ነው። ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም፤ ያን ጊዜ ልጆች የነበሩት ዛሬም በሕይወት አሉ። እንግሊዝ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ ለመመለስ በ2025 ውል ፈርማለች፤ ዲዬጎ ጋርሲያ ግን ለጦር ሰፈሩ እንድትቆይ በውሉ ተይዟል።

ስለ ሲሸልስ ሰዎች ካልተናገርሁ ግን ታሪኩ ይጎድላል። ማንም ሳይጠይቃቸው የተወረወሩበትን መሬት አገር አድርገውታል። የራሳቸው ክሪዮል ቋንቋ አላቸው፤ በትምህርት ቤት ያስተምሩበታል። ቦ ቫሎን ላይ ረቡዕ ማታ ባዛር ይቆማል፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጭማቂ፣ የእጅ ሥራ ይሸጣል፤ ከዚያ ሙትያ ይጨፈራል። ከበሮውን እሳት ላይ ያሞቁትና ድምፁ ሲጠራ ይመቱታል። ባሪያዎች ማታ ከሥራ ሲለቀቁ በጫካ ውስጥ የሚያዜሙት ነበር፤ ቅኝ ገዥዎቹ ከበሮውን በከተማ እንዳይመታ ከልክለውት ነበር፤ በ2021 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ሌላው ደስ ያለኝ የባሕር ዳርቻ ሁሉ በሕግ የሕዝብ መሆኑ ነው። ሆቴሉ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከፊቱ ያለውን አሸዋ ማጠር አይችልም። እሑድ የአገሬው ቤተሰብ ድስቱን ይዞ መጥቶ ከእኛ አጠገብ በታካማካው ጥላ ሥር ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቼ በአንድ ኳስ ይጫወቱ ነበር።

እኛ የሄድነው በፍልሰታ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ በጾም ምን ትበላለህ?» ብላ ተጨንቃ ነበር፤ ጭንቀቷ በከንቱ ሆነ። ምስር ወጣቸው ከእኛው ብዙ አይርቅም፤ የዳቦ ፍሬ የሚሉት ትልቅ ፍሬ ተቀቅሎም ተጠብሶም ይበላል፤ ላዶብ የሚባለው ሙዝ በኮኮናት ወተትና በቫኒላ ተቀቅሎ ይቀርባል። ነሐሴ 9 ቀን ደግሞ፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ ወደ ላ ዲግ ደሴት ተሻገርን። ቀኑ በእነሱ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነው፤ አብላጫው ሕዝብ ካቶሊክ ነው። ከሁሉም ደሴቶች ሕዝቡ በጀልባ ይመጣል፤ ነጭ የለበሱ አሮጊቶች፣ ጥብጣብ ያሠሩ ሕፃናት፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰልፍ እየዘመሩ ይሄዳሉ። ለእኛ በዓሉ ሳምንት ይቀረው ነበር። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ኢትዮጵያ ስላቸው እጄን ይዘው ሳሙኝ።

ወደ ማሄ የምትሄዱ ወላጆች ካላችሁ፣ ከባሕሩ ላይ ግማሽ ቀን ብቻ ቀንሱ። ከቪክቶሪያ ወደ ፖር ግሎ የሚሻገረው የሳን ሱሲ መንገድ በቬንስ ታውን ፍርስራሽ በኩል ያልፋል፤ በአውቶቡስም በታክሲም ይደረሳል፤ ልጆች አይደክሙም። ጠዋት ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ተራራውን ደመና ይሸፍነዋል። ስለ ፕሬምፔና ስለ ያ አሳንቴዋ፣ ፊደል ስለቆጠሩት ልጆችም እዚያው ላይ ንገሯቸው። የልጅ ልጄ ሰምታ ስትጨርስ፣ ንጉሡ ያስጻፉትን መጽሐፍ ፈልጌ እንዳነብላት አስምላኛለች፤ እያፈላለግሁት ነው።